አሥራ ስድስት ፒክስል

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ቢፈለግ ምናልባት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትገኝ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ እሱ «ሚሊሜትር» ነው። ስሙን ያወጣችለት ደግሞ ባዳ አይደለችም፣ የገዛ ታላቅ እህቱ ናት። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ሲታተም፣ «አንዱ መስመር ወደ ቀኝ ሸሽቷል» ብሎ ማሽኑን አስቆመ። ሠራተኛው ሁሉ ምሳው እየቀዘቀዘ ቆሞ ጠበቀው። ተለካ፤ የሸሸው አንድ ሚሊሜትር ነበር። እህቱ ያኔ የቤቱ አራሚ ነበረችና ቀዩን እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች «ሚሊሜትር ምሳችንን በላብን» አለች። በቃ፣ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። እሱም አልከፋውም። ደረት ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አጭር የብረት ማስመሪያ ትኖራለች፤ ቤቱን ሲወጣ ቁልፉን ይረሳል፣ እሷን አይረሳም።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። እሱ ለኅትመት ፊደል እየለቀመ ይደረድራል፣ እሷ ታርማለች፤ መጀመሪያ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል፣ ኋላ በኮምፒውተር። እሱ መስመሩ ከተስተካከለለት ጽሑፉ ምን እንደሚል ብዙም ግድ አልነበረውም። እሷ ደግሞ መስመሩ ቢንጋደድ ግድ የላትም፤ የሚለውን ነው የምታየው። «እኔና አንተ ተደምረን ነው አንድ ሙሉ ሰው የሚወጣን» ትለው ነበር፤ ስትቀልድ ይሁን ስታዝን ፊቷ አያስታውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት የእህቱ ዓይን መድከም ጀመረ። ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ሦስት ስህተት ያለበት ገጽ በእሷ እጅ አልፎ ታተመ። ማንም ቃል አልተናገራትም፤ እሷ ግን እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቤቷ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ንባብ የሚባል ነገር እርም አለች። ሚሊሜትር ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ጋዜጣ ያነብላታል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና መሀል ላይ «ዘለልክ» ትለዋለች።

«አልዘለልኩም እትዬ።»

«ዘለሃል። ሁለቱ ሐሳቦች አይገናኙም። መሀላቸው የሆነ ሰው ነበር።»

መለስ ብሎ ያያል፤ እውነትም አንድ መስመር ዘሏል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ባለፈው ወር መጽሐፎቿን ካርቶን ውስጥ ከታ፣ በገመድ አስራ፣ በሩ ጥግ አስቀመጠችው። «የሚያነብ ሰው ካገኘህ ስጥልኝ» አለችው። ሚሊሜትር ግን ጋሪ አላገኘሁም፣ ወገቤን አሞኛል፣ ዝናብ ነው እያለ ሳያነሳው ሰነበተ።

የዓይን ክሊኒኩ ሥራ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ክሊኒኩ ጠብታ ለሚወስዱ ሕሙማን የሚያድለው አንድ ወረቀት ነበረው፤ ጠብታው እንዴት እንደሚደረግ ተራ በተራ የሚናገር። ወረቀቱን ማተሚያ ቤቱ ለዓመታት ሲያትመው ኖሯል። አሁን ድረ ገጽ ይሁንልን አሉ፤ ሰኞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከፈታል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የድሮው ባለቤት ልጅ ናት፤ አባቷ ካረፉ በኋላ ድረ ገጽ መሥራት ተምራ ቤቱን ከመዘጋት ያዳነችው እሷ ናት። ሚሊሜትርም በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከእሷ ሥር ቁጭ ብሎ አራት ወር ተምሯል።

«ይሄንን ለእኔ ስጪኝ አለቃ» አላት። በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ ያውቃታል፤ «አለቃ» የሚላት ግማሹ በቀልድ ነው።

«ለምን ይሄን ፈለጉ ጋሼ?»

«እትዬ የምትወስደው ጠብታ ነው። በራሷ ዓይን እንድታነበው እፈልጋለሁ። አንድ ገጽ ብቻ፣ ያለማንም።»

አለቃ ወረቀቱን አንስታ ሰጠችው።

ሚሊሜትር ገጹን የሠራው እንደሚያውቀው ነው። ከሁሉ በፊት የገጹ መልክ በሚታዘዝበት የስታይል ፋይል አናት ላይ አንድ መስመር ጻፈ፤ የገጹ ሁሉ መሠረት የሆነው ፊደል ቁመቱ አሥራ ስድስት ፒክስል፣ አሥራ ስድስት የስክሪን ነጥብ፣ ይሁን የሚል። መሠረት ሳይጸና ግድግዳ አይቆምም ባይ ነው። ከዚያ ርዕሱን ሃያ ስምንት፣ ዝርዝሩን አሥራ ስድስት፣ የግርጌውን ማስታወሻ አሥራ ሦስት፣ የጽሑፉን ወርድ ዘጠኝ መቶ፣ ሁሉንም በፒክስል ቆረጠ። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን የመመሪያ ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ራሱ ይቁጠርልህ ቢባልም አሻፈረኝ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኩትን አሁን ለማሽን አላስረክብም» ብሎ በእጁ ጻፋቸው። ሲጨርስ ማስመሪያዋን አውጥቶ ስክሪኑ ላይ አስደግፎ ለካ። ሁለት ሠራተኞች ተጠቃቀሱ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ገጹ በእርግጥ ያምር ነበር።

ቅዳሜ በፍላሽ ይዞት እህቱ ቤት ሄደ። እሷ ዘንድ አለቃ የሰጠቻት አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ አለቃ ስትሰጣት ድረ ገጽ የሚከፍተውን ብራውዘር ከፍታ ለማንኛውም ገጽ ፊደሉን እጥፍ እንዲያደርግ አስተካክላላት ነበር። እህቱ ግን ሬዲዮ ከመስማት በቀር አልተጠቀመችበትም። ሚሊሜትር ገጹን ከፈተላትና ወንበሩን ሳበላት።

እሷም ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ ከዚያም ይበልጥ አስጠጋች፤ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ጉንዳን ነው የለቀምከው?»

ሚሊሜትር ደነገጠ። ብራውዘሩ ለሌላው ገጽ ሁሉ ፊደል ሲያሳድግ ለእሱ ገጽ ወይ ፍንክች። ገጹን በጠቅላላው በጉልበት አጎላው፤ ፊደሉ አደገ፣ መስመሩ ግን በቀኝ በኩል ከስክሪኑ ወጥቶ ሄደ። እህቱ መስመሩን ተከትላ ወደ ቀኝ ጎተተች፤ ልትመለስ ወደ ግራ ስትጎትት የትኛው መስመር ላይ እንደነበረች ጠፋት። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ለማን ለክተህ ነው የሠራኸው?»

«ለአንባቢ ነዋ። ለመካከለኛ ዓይን።»

«ሰውየው እዚህ አለ?»

ሚሊሜትር ማስመሪያዋን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተታት። እሷም አልተቆጣችም፤ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው። «ጋዜጣውን አምጣ፣ አንብብልኝ» አለች፤ ሲወጣም «ካርቶኑን ዛሬም ረሳኸው» ብላ አስታወሰችው።

ሰኞ ጠዋት አለቃ ስታስረዳው ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«እትዬ ለብራውዘሩ አስቀድመው ነግረውታል፤ ዓይኔ ደክሟልና ፊደሉን እጥፍ አድርግልኝ ብለዋል። እርስዎ ደግሞ ከላይ መጥተው አሥራ ስድስት ብያለሁ አሥራ ስድስት ነው አሉ። ብራውዘሩ የሰማው እርስዎን ነው።»

«ልክ ከሌለው እንዴት ገጽ ይሆናል?»

«ልክ አለው ጋሼ። ልኩ የእርስዎ አይደለም እንጂ። ርዕሱን ይህን ያህል ፒክስል አይበሉ፤ የአንባቢው ፊደል አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን ይበሉ። ወርዱን ዘጠኝ መቶ አይበሉ፤ ካለው ስክሪን ዘጠና በመቶ ይበሉ። ስክሪኑ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ?»

ከዚያ «ኤም የሚባል መለኪያ አለ» ብላ ልትቀጥል ስትል ሚሊሜትር ከአፏ ነጠቃት። «ኤምን ለእኔ? አንቺ ሳትወለጂ እኮ እነዚህ ጣቶች ኤም ሲለቅሙ ነበር።» እውነቱን ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን ኤም የሚሏት ባዶ የእርሳስ ካሬ ነበረች፤ ከፊደሉ ቁመት ጋር እኩል የሆነች፣ በቃላት መሀል ለክፍተት የምትገባ። ከስንት ዓመት በኋላ የድሮ ጓደኛውን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ደስ አለው። ቀሪውን ሳያዳምጥ ተነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የርዕሱንና የዝርዝሩን ፒክስል ወደ ኤም ለወጠ። ጽሑፉ ያለበትን ሳጥን አንድ ተኩል ኤም አደረገ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዝርዝር አንድ ተኩል ኤም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ተራ አንድ ተኩል ኤም። ሁሉም እኩል አንድ ተኩል እንዲሆኑ ነው ሐሳቡ። የእርሳሷ ኤም የትም ሳጥን ብትገባ ያው ናት፤ የተቀመጠችበት አያሳድጋትም። ገጹን ሲከፍተው ታዲያ ጉድ ፈላ። ሳጥኑ ሃያ አራት ሆኗል፤ ዝርዝሩ ሠላሳ ስድስት፤ ተራዎቹ ሃምሳ አራት። «እጅዎን ይታጠቡ» የምትለው ብቻዋን ስክሪኑን ይዛ የሱቅ ማስታወቂያ መስላለች። ከጀርባው የነበረው የማሽን ሠራተኛ «ጋሼ፣ ይቺ እንኳን ለታመመ ለተኛም ትሰማለች» አለ፤ ሳቁ በረንዳ ድረስ ተሰማ።

ሚሊሜትር አልሳቀም። ማስመሪያዋን ኪሱ ውስጥ እያገላበጠ አለቃ ዘንድ ሄዶ ቆመ።

«ያላዳመጥኩትን ንገሪኝ።»

«ይሄኛው ኤም ወሬ ነው የሚመስለው» አለችው። «የሰማው ከአጠገቡ ካለው ነው፣ ሲያስተላልፍ የራሱን ግማሽ ይጨምርበታል። ሳጥኑ ጨመረ፣ ዝርዝሩ ከሳጥኑ ሰምቶ ጨመረ፣ ተራዋ ከዝርዝሩ ሰምታ ጨመረች። ሦስተኛው ጆሮ ጋ ሲደርስ ወሬው ሌላ ሆነ።»

«ያልተጨመረበትን ወሬ የት አገኛለሁ?»

«ከባለጉዳዩ። ሬም የሚባለው እሱ ነው። መሀል ያለውን ሁሉ ትቶ ሥሩን፣ የገጹን መሠረት ብቻ ይጠይቃል። የትም ሳጥን ይቀመጥ መልሱ አንድ ነው።»

አሁን ገባው። ሳምንቱን ሙሉ ረጋ ብሎ ሠራ። ፊደሉን በሬም ለካ፣ ወርዱን በመቶኛ፤ ቁመታቸው ተቆርጦ የነበሩትን ሳጥኖች እንደ ጽሑፉ እንዲረዝሙ ለቀቃቸው። መስኮቱን በመዳፊት ሲያጠበው መስመሮቹ ተሰብስበው ወደ ታች ወረዱ፤ ሲያሰፋው ተመልሰው ተዘረጉ። መጀመሪያ ሲያየው አልወደደውም፣ ራሱን አዞረው። ዕድሜውን ሙሉ ገጽ እንዳይነቃነቅ ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ዓርብ ዕለት አለቃ በራሷ ስክሪን አየችውና «አሁን ሆነ» አለች። የክሊኒኩ ነርስም አይታ አጸደቀችው።

ቅዳሜ እህቱ ላፕቶፑን መክፈት አልፈለገችም።

«ተወው በቃ። አንተም ደከምክ።»

«አንዴ ብቻ እትዬ። ካልሆነ ካርቶኑን ዛሬውኑ ተሸክሜ እሄዳለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ ካለ በኋላ ነው የደነገጠው። እሷ ግን «ይሁን፣ ምስክር ባይኖርም ቃል ቃል ነው» ብላ ወንበሯን ሳበች። ሚሊሜትር ፍላሹን ሰካ፣ ገጹን ከፈተ።

ጉንዳን። ያው የድሮው ጉንዳን። ወርዱ ተስተካክሏል፣ ሁሉም በቦታው ነው፤ ፊደሉ ግን ቅንጣት አላደገም።

እህቱ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች። «ምንም አይደል» አለችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ የምትሄደው ወንበሩን በእጇ እየዳሰሰች ነበር፤ ሚሊሜትር ይህን እስከ ዛሬ ልብ አላለውም።  ካርቶኑ በሩ ጥግ፣ ገመዱ ተቋጥሮ፣ ይጠብቀዋል።

ከወንበሩ አልተነሳም። የስታይሉን ፋይል ከፈተና ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን መስመር ያነብ ጀመር፤ የለቀመውን ራሱ መልሶ ሲያነብ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሬም፣ ሬም፣ በመቶኛ፣ ሬም። ሁሉም ባለጉዳዩን ይጠይቃሉ። ታዲያ ባለጉዳዩ ምን ብሎ ነው የሚመልሰው? አናቱ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ቀን የጻፋት መስመር እዚያው ቁጭ ብላለች፤ የገጹ መሠረት ፊደል፣ አሥራ ስድስት ፒክስል። ሌላውን ሁሉ ሲለውጥ እሷን አልነካትም፤ መሠረት ነቅሎ ማን ቤት ይሠራል ብሎ። ሁሉም ወደ ሥር ወርደው ሲጠይቁ፣ ሥሩ ላይ ተቀምጦ የሚመልሰው እሱ ራሱ ነበር። እህቱን ማንም አልጠየቃትም። አለቃም አላየችውም፤ የእሷ ብራውዘር የራሱ ፊደልም አሥራ ስድስት ስለሆነ በእሷ ስክሪን ሁሉ ነገር ልክ ይመስላል።

ጠቋሚዋን መስመሯ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። ጣቱ ትንሽ አመነታ። ከዚያ እያንዳንዷን ፊደል ወደ ኋላ እያጠፋ ሄደ፤ ቦታው ባዶ ሆነ። በምትኩ ምንም አልጻፈም፤ ልኩን የእህቱ ብራውዘር ይናገር ብሎ። ገጹን እንደገና ከፈተው።

ፊደሎቹ እጥፍ ሆነው ቆሙ። መስመሮቹ አጥረው ወደ ታች ተደረደሩ፤ አንድም ከስክሪኑ የወጣ የለም።

«እትዬ» አለ። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋላት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷን ሳታስጠጋ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር እጇን ዘረጋች፤ ምን እንደምትፈልግ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው ነገር ነውና ማስመሪያዋን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ድሮ ስታርም እንደምታደርገው ማስመሪያዋን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስደግፋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«አንድ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።» ማስመሪያዋ ወረደች። «ሁለት። ጠርሙሱን በቀስታ ይወዝውዙ።» ደግሞ ወረደች። «ሦስት። የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ያድርጉ።» አነባበቧ ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቃል ላይ ትቆማለች፣ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ ፊደሉን ደህና ወደሚታያት የዓይኗ ክፍል ታመጣዋለች፣ ትቀጥላለች። ሚሊሜትር ትንፋሹን ይዞ ነበር። 

«አምስት። ዓይንዎን ለሁለት ደቂቃ ይጨፍኑ።»

ማስመሪያዋ ቆመች።

«ዘለልክ» አለች።

«አሁን እኮ የምታነቢው አንቺ ነሽ እትዬ።»

«እኔ አልዘለልኩም። ከሦስት ቀጥሎ አምስት ነው ያለው። አራተኛው የት ሄደ?»

ሚሊሜትር ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። ያን ሁሉ ቀን ሲለካው፣ ሲያጠበው፣ ሲያሰፋው፣ አለቃ ስታየው፣ ነርሷ ስታጸድቀው፣ አንድም ሰው አላነበበውም።  ቁጥሩን ለማሽን አላስረክብም ያለው ማን ነበር?

«ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሀላቸው አምስት ደቂቃ ይቆዩ የሚለው ነው የጎደለው» አለች እህቱ። «ካልቆዩ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል ብሎኛል ሐኪሙ። እኔ ሁለት ነው የምወስደው፤ ስለማውቀው ነው። የማያውቀው ሰውስ?»

«ሰኞ ጠዋት ሊከፈት ነው» አለ ሚሊሜትር።

«ገና ግማሹን ነው ያየሁት። ግርጌው አለ፣ ርዕሱ አለ። ደግሞ ሌላ ገጽ ትሠሩ የለም እንዴ?»

«እንሠራለን። አሁን አብዛኛው ሥራችን እሱ ነው።»

እህቱ ማስመሪያዋን ከስክሪኑ ሳታነሳ በአገጯ ወደ በሩ ጥግ አመለከተች። «ካርቶኑን ፍታው። መጽሐፎቹ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ፣ አምጣልኝ።»

ቋጠሮው ጠንክሮ አስቸገረው፤ በጥርሱ ፈታው። እስክሪብቶው ከላይ ነበር፣ እንደተከደነ። አቀበላት። ክዳኑን ነቀለችና ጋዜጣው ዳር ላይ ጫር አደረገችው። አልጻፈም። ጫፉን በትንፋሿ አሙቃ ደግማ ጫረችው፤ ወረቀቱን ቧጨረው እንጂ ቀለም አልወጣውም።

«ደርቋል» አለች።

ሚሊሜትር ደረት ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶ የለውም። እሷ ግን እስክሪብቶውን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ማስመሪያዋንም ወደ አምስተኛው ተራ መለሰቻት።

«ለአለቃህ ንገራት» አለችው። «ሰኞ ስመጣ ቀለም ያለው ታስቀምጥልኝ።»